ተረቱ ያልሰማው መድኃኒት

«ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» እንላለን። ፖለቲከኛውን ስንሸነቁጥ እንላለን፤ አለቃችንን ስናማ እንላለን፤ «እውነቱን እንነጋገር» ማለት ሲያምረን እንላለን። ስለ ሥጋ ደዌ እያወራን እንደሆነ ግን ማናችንም ትዝ አይለንም። በተለይ እኛ የላፍቶ ልጆች ትዝ ሊለን ይገባ ነበር። ከመካኒሳ ቀለበት መንገዱን ይዞ ወደ አየር ጤና የሚሄደው ታክሲ ላይ ረዳቱ «ዘነበወርቅ ወራጅ አለ?» ሲል፣ የሚጠራው ሰፈር የተቆረቆረው በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው።

በሽታው ምን ያህል ይፈራ እንደነበር ማወቅ የፈለገ ላሊበላዎቹን ያስታውስ። ሌሊት አጥር ሥር ቆመው፣ የቤቱን ጌታ በዜማ እያሞገሱ የሚለምኑት ማለታችን ነው። ዞረው ካልለመኑ ቁምጥና ይይዘናል ብለው እንደሚያምኑ ሲነገር ኖሯል። አስቡት እንግዲህ፣ አንድ በሽታ ዜማና መተዳደሪያ እስኪወልድ ድረስ ሲፈራ!

ፍርሃቱ የእኛ ብቻ አልነበረም። ኖርዌጂያዊው ሐኪም አርማወር ሀንሰን በ1873 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ የኛ ሲሆን እንነግራችኋለን) ባክቴሪያውን በማይክሮስኮፕ እስኪያይ ድረስ ፈረንጁም እርግማን ወይም የዘር ጣጣ ይለው ነበር። ባክቴሪያው ከታወቀ በኋላም ቢሆን መድኃኒት አልተገኘም። ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው ቻውልሙግራ ከሚባል የእስያ ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ዘይት ነው፤ ሲጠጣ ያስመልሳል፣ በመርፌ ሲሰጥ ያሳምማል፣ ፈዋሽነቱ ግን አጠራጣሪ ነበር።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሚሲዮናዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ ያኔ ከከተማው ውጭ በነበረው ቦታ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል አቋቋመ። ስሙም በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ባረፉት በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ተሰየመ። ሕመምተኞች ከየክፍለ ሀገሩ በእግራቸው መጡ። ዳፕሶን የሚባለው ርካሽ ክኒን በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ በዓለም መሰጠት ሲጀምር ተስፋ ታየ፤ ችግሩ ክኒኑ ለዓመታት፣ ለአንዳንዱም ዕድሜ ልክ የሚዋጥ መሆኑ ነው። ከመድኃኒቱ ርቆ ወዴት ይኬዳል? አገር ቤትስ ማን ይቀበላል? ሕመምተኞቹ ሆስፒታሉ አጥር ሥር ጎጆ ቀለሱ፣ ተጋቡ፣ ጤነኛ ልጆች ወለዱ። ሰፈሩ እንዲህ ተወለደ።

ብዙዎቻችን የምናምነውን አንድ ነገር እዚህ ላይ እናፍርስ። በሥጋ ደዌ ጣት አይረግፍም! ባክቴሪያው የሚገድለው ነርቭን ነው። ነርቭ ሲሞት ሕመም አይሰማም፤ ሴትየዋ የጋለ ጀበና ጨብጣ እጇ ሲቃጠል አታውቅም። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንቱ እያደር ያጥራል። ሰውን የሚያጎድለው ሕመም ሳይሆን የሕመም አለመኖር ነው።

በ1965 ሆስፒታሉ አለርት ሆነና ከመላው አፍሪካ የሚመጡ ሐኪሞች መማሪያ ሆነ። የተኮማተረ ጣት በቀዶ ሕክምና ይዘረጋ ጀመር፤ ለማይሰማው እግር የሚመች ጫማ ይሠራ ጀመር። በ1970 ደግሞ እዚያው ግቢ አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ተከፈተ። ከዚያ መጥፎ ወሬ መጣ። ዳፕሶን በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሕመምተኞች መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ይዘው ተገኙ፤ ጥናቱ በ1977 ታተመ። ጀርሙ ክኒኑን ለምዶ ወደ ሌላ ሰው መተላለፍ ጀምሯል ማለት ነው። ዓለምን ወደ አዲስ ሕክምና ከገፉት ማስረጃዎች አንዱ እንግዲህ ከጎረቤታችን ነው የወጣው፤ እኛ ግን በትምህርት ቤት ሰምተነው አናውቅም።

በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ዳፕሶን፣ ሪፋምፒሲንና ክሎፋዚሚን ተጣምረው ይሰጡ አሉ። አንዱን የለመደ ባክቴሪያ ከሌላው አያመልጥም። ዕድሜ ልክ የነበረው ሕክምና ዛሬ ከ6 እስከ 12 ወር ያልቃል፤ መድኃኒቱም ከ1995 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ በነፃ ይታደላል። ሕክምና የጀመረ ሰው ጥቂት ቆይቶ በሽታውን ማስተላለፍ ያቆማል። ቢገባና ቢፈተፍት ማንንም አያስይዝም።

የከተማው አስተያየት ግን አልተለወጠም። አዲስ አበባ ሕመምተኞቹን ባስቀመጠችበት አቅጣጫ ቆሻሻዋንም ወስዳ ደፋች፤ ቆሼን ማለታችን ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. (በኛ) ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት፣ ብዙዎቻችን ከሥሩ ሰው እንደሚኖር ያወቅነው ያን ቀን ነው። አብረውን የተማሩ የሰፈሩ ልጆችም አድራሻ ሲጠየቁ «ቶር ኃይሎች» ማለት ይቀናቸው ነበር።

አለርት ዛሬ ዓይንም ቆዳም የአደጋ ጉዳትም የሚያክም ትልቅ ሆስፒታል ነው። ኢትዮጵያ ከ10 ሺህ ሰው ከ1 በታች የሚለውን የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ በ1999 አልፋለች። ሆኖም ባለፉት ዓመታት በየዓመቱ 3 ሺህ ገደማ አዳዲስ ሕመምተኞች ተገኝተዋል፤ ከ10 አንዱ የሚሆነውም ወደ ሐኪም የሚደርሰው እጁ ወይም እግሩ ወይም ዓይኑ ከተጎዳ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ነገር ቀላል ነው፤ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ የቆዳ ምልክት። አያምም፣ አያሳክክም። ያየውም ሰው ሸሚዙን ቆልፎ ዝም ይላል፤ ተረቱን ያውቀዋላ።