የዘር ሐረግና የደብር ብራና
በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ከጉና ተራራ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች የተዘረጉት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በዜና መዋዕል ውስጥ ጎልተው የሚታዩት ይበልጡን ሠራዊት ሲያልፍባቸው ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በጋይንት በኩል ነበር። የንጉሡ ስምና የመድፉ ስም ተጽፏል፤ መንገዱን የጠረጉት የብዙዎቹ ስም ግን አልተጻፈም። ስለዚህ የሕዝቡን ታሪክ የሚሻ ሰው ፊቱን ወደ ገጠሩ ደብር ማዞር ይኖርበታል።

ደብሩም ምሥጢሩን ቶሎ አያወጣም። የጋይንቷ ቤተልሔም ከውጭ ለሚያያት እንደ ብዙዎቹ የአገሩ አብያተ ክርስቲያናት ክብ ሣር ክዳን ነበረች። በ1955 እ.ኤ.አ. የመሳፍንቱን የግዞት አምባ ፍለጋ የመጣው ቶማስ ፓከንሃም ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን በክቡ ክዳን ሥር የተሸሸገ ጥንታዊ አራት ማዕዘን ሕንፃ አገኘ። አገሬው ግን ቤተልሔምን ቀድሞም በድጓ ምስክርነቷ ያውቃት ነበር። በዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት ይመሰከራል፤ የቆማ ስምም በዜማ ስልት ይጠራል። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች መምህር ከመምህር እየተቀበለ የሚቆጠር ሌላ ትውልድ አለ፤ ሐረጉ የሥጋ ሳይሆን የዕውቀት ነው።

የሥጋው ሐረግ የተጠበቀው ግን በፍቅር ብቻ አልነበረም፤ መሬት ነበር የጠበቀው። በርስት ሥርዓት ባለርስት ነኝ የሚል ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። ትውልድ መቁጠር ያልቻለ በሙግት ይረታል፤ ርስቱንም ያጣል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ በብዙ ሥፍራ ከርስት የተገለሉ ስለ ነበሩ ሐረጋቸውን የሚሰማ ዳኛ አልነበራቸውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ያ የመሬት ሙግት አከተመ። ፍትሕ ያስገኘው ይኸው ለውጥ ግን የአዛውንቱን የቃል መዝገብ ዋነኛ ጠባቂውን አሳጣው። የቀረው ለጋብቻ ሲባል የሚቆጠረው ሰባት ቤት ነው።

ዛሬ ከከተማ ወይም ከባሕር ማዶ የአያቱን አገር ሊያይ የሚመለስ ሰው በደብሩ ደጅ የሚገጥመው ይህ ክፍተት ነው። የአያቱን የዓለም ስም ይዞ ይመጣል፤ በብራናው ጸሎት ውስጥ የሚገኘው ግን ብዙውን ጊዜ የክርስትና ስም ነው። በጎንደር ዘመን ብራናዎች ኅዳግ ላይ የመሬት ሽያጭ፣ ኑዛዜና የምስክሮች ስም ሰፍሮ ይገኛል። ዶናልድ ክራሚም በ2000 እ.ኤ.አ. ላሳተመው የመሬትና የኅብረተሰብ ታሪክ በእንዲህ ያሉ ጽሑፎች ተጠቅሟል። ይሁን እንጂ ኅዳጉ ይበልጥ የሚናገረው ስለ ባለጉልቱ ነው። የገበሬውን፣ ከሁሉም በላይ የባለ እጁን ሐረግ የያዘው የሽማግሌዎችና የባልቴቶች አፍ ብቻ ነው።

ብራና በጥንቃቄ ከተያዘ ዘመናትን ይሻገራል፤ የባልቴቷ ቃል ግን ከእርሷ ጋር ይቀበራል። የገጠሩ መምህርና ለጥናት የሚወጣው ከያኒ ሥራቸውን ከባልቴቷ ደጅ ሊጀምሩ ይገባል።