ከፍልውሃ እስከ ታቦር፦ ውሃ የማሞቅ ሒሳብ

አዲስ አበባን የወለዳት ሙቅ ውሃ ነው። እንጦጦ ብርድ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፣ ከተማውም ተከትሏቸው ወረደ። በኋላ ማገዶ ሲያልቅ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር፤ ከተማዋን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። ማገዶው ያልቃል፣ ፍልውሃው ግን ይፈልቃል።

ለእኛ ለሐዋሳዎች ቅርቡ ወንዶ ገነት ነው፤ መዋኛውን የምታሞቀው ምድር ራሷ ናት። ታቦር ላይ ግቢው ውስጥ መዋኛ የሠራ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። 50 ሜትር ኩብ ውሃን በ10 ዲግሪ ለማሞቅ 580 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሙቀት ከአየር የሚስበው ሂት ፓምፕ ከዚህ ሩብ ያህሉ መብራት ሊበቃው ይችላል፤ የፀሐይ ማሞቂያ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ከሁሉ በፊት ግን ክዳን ግዙ! መዋኛ ሙቀቱን በብዛት የሚያጣው በትነት ነው።