የሰረቀውም የፋቀውም፦ ስለ ቅጅ መብት ትንሽ ታሪክ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም ፒዲኤፍ ላከልኝ። ከሥሩ «ቲቸር፣ ይሄ የእርስዎ ኖት አይደለም እንዴ?» ይላል። ከፈትኩት። የ12ኛ ክፍል የታሪክ ኖቴ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በየክረምቱ እያረምኩ ያሻሻልኩት። ሽፋኑ ላይ ግን የማላውቀው ሰው ስም አለ፤ ዋጋም ተቆርጦለታል። የውጫሌን ውል ዓመት 1881 ማለት ሲገባኝ 1882 ብዬ የጻፍኩበት ገጽ ነበር፤ ስህተቱ እንኳ ሳይታረም እንዳለ ተገልብጧል። እንዴት እንደተናደድኩ አትጠይቁኝ።

ከዚያ ኖቱን መጀመሪያ የለጠፍኩበትን ቀን ልፈልግ ብዬ የራሴን ቻናል ወደ ላይ ስገፋ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የራሴን ጉድ። ከአራት ዓመት በፊት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከዳር እስከ ዳር ስካን የተደረገ ፋይል «ለውድ ተማሪዎቼ በነፃ» ብዬ ለጥፌዋለሁ። የምስጋናው ብዛት! ያን ቀን ትልቅ ውለታ የዋልኩ መስሎኝ ነበር።

የታሪክ መምህር ግራ ሲገባው ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። እኔም ሄድኩ።

በአገራችን መቅዳት ነውር አልነበረም፤ ጽድቅ ነበር። ማተሚያ ባልነበረበት ዘመን አንድ ዳዊት ሁለት የሚሆነው ቁም ጸሐፊው ብራና ላይ ጎንበስ ብሎ ወራት ሲፈጅ ነው። በብዙ የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ለሚያነበውና ለሚሰማው ምሕረት ይለመናል። እዚያው አጠገብ ደግሞ ግዝት አለ፦ መጽሐፉን የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን። ይህን ግዝት «የጥንቱ ኮፒራይታችን» የሚሉት አሉ። እኔም ክፍል ውስጥ እንደዚያ ብዬ አስተምሬ አውቃለሁ። አሁን ሳስበው ግን ልክ አልነበርኩም። ግዝቱ የሚጠብቀው ብራናውን እንጂ ቃሉን አይደለም። ተውሶ፣ ቀድቶ፣ መልሶ ያመጣ ሰው አይወገዝም፤ እንዲያውም ይመረቃል። የሚወገዘው መጽሐፉን ይዞ የጠፋው ነው፤ ሌላው ደግሞ የፋቀው። መፋቅ ማለት የባለቤቱን ስም ከብራናው ላይ በምላጭ ልጦ የሌላ ሰው ስም መተካት ነው። ዛሬም ስም የተፋቀባቸው ብራናዎች ይገኛሉ፤ ቦታው ሳስቶና ሻክሮ ይታወቃል። እንግዲህ መቅዳት የተፈቀደ፣ ስም መፋቅ የተወገዘ ነበር ማለት ነው። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ።

ቃሉ ራሱ፣ ብራናውም ወረቀቱም ሳይሆን ቃሉ፣ ንብረት ነው የሚለው ሐሳብ የመጣው ከማተሚያ መኪና ጋር ነው። አንድ ሰው ወር የፈጀበትን ሥራ ሌላው በአንድ ቀን ሺህ ማድረግ ሲችል ጸብ ይነሳል። እንግሊዞች በዚህ ጸብ ምክንያት በ1710 እ.ኤ.አ. ለደራሲ መብት የሚሰጥ ሕግ አወጡ። እኛ ዘንድ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው፤ ሕጉ የመጣው ደግሞ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ባረቀቁት በዚያ ሕግ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ተጽፏል። ብዙ ሰው «በእኛ አገር እኮ የቅጅ መብት ሕግ ትናንት የመጣ ነው» ሲል እሰማለሁ፤ ሕጉ ብዙዎቻችን ሳንወለድ የነበረ ነው። ችግሩ ሕግ መኖሩ ላይ አልነበረም፤ የሚያስፈጽመው ነበር የጠፋው።

በሙዚቃው በኩል ነገሩ የበለጠ ይገርማል። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። የማባዛት መብት የዘፋኙም የደራሲውም ሳይሆን መንግሥት ለአንድ ድርጅት የሚሰጠው ፈቃድ ነበር ማለት ነው። ያንን በ1961 ዓ.ም. ገደማ ጥሶ የወጣው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ነው። በድፍረት አምሃ ሪከርድስን ከፈተ፤ ዓለማየሁ እሸቴንና ሌሎችን አስቀድቶ ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ያ ወርቃማ ዘመን ከፊሉ ሕግ በመጣስ የተገኘ ነው። (ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ደስ ይላቸዋል፤ ወዲያው ግን ፈተና ላይ ለመኮረጅ ማስረጃ ያደርጉታል።)

ከሸክላ በኋላ ካሴት መጣ፤ ካሴት ደግሞ ማንም ቤቱ ሆኖ የሚያባዛው ዕቃ ሆነ። እኔ ልጅ ሆኜ አዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ባዶ ካሴት ይዘን ሄደን የምንፈልገውን ዘፈን እያስመረጥን እናስቀዳ ነበር። ኦርጅናሉን የሚገዛ ሀብታም ነው፤ እኛ ቅጂውን። አንድ ካሴት ወጣ ሲባል ዘፋኙ ገና ገንዘቡን ሳይሰበስብ ኮፒው ክፍለ አገር ይደርሳል። ምሬቱ ተጠራቅሞ በ1995 ዓ.ም. ሙዚቀኞቹ አዲስ ሥራ አናወጣም ብለው ለወራት አደሙ። እኛ ያኔ «ምነው ዘፈን ጠፋ?» ከማለት በቀር ምክንያቱን አላወቅንም። ያደሙትም ከእኔ ዓይነቱ አስቀጂ የተነሳ መሆኑን የተረዳሁት አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው።

በቀጣዩ ዓመት የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ 872 ተሻሽሎ ባለመብቶች ክፍያቸውን በጋራ ማኅበር የሚሰበስቡበት መንገድ ተጨመረ። የ1996ቱን አዋጅ አንብቡት፤ ረጅም አይደለም። በነገራችን ላይ ሕግና አዋጅ በቅጅ መብት አይጠበቅም፤ ስለዚህ እሱን ያለ ሐሳብ አባዙት።

አዋጁ ሐዲስ ዓለማየሁን ያገኘበት መንገድ ይገርመኛል። ደራሲው ያረፉት በኅዳር 1996 ነው፤ አዋጁም በዚያው ዓመት ወጣ። የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» እስከ 2046 ድረስ የወራሾች ነው። «ለውድ ተማሪዎቼ በነፃ» ብዬ የሰጠሁት የእኔ ያልሆነ ነገር ነበር። በአንጻሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በስደት ያረፉት በ1931 ነው፤ 50 ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል። የእሳቸውን ሥራ መለጠፍ ትችላላችሁ፤ ስማቸውን ግን እንዳትረሱ።

ወደ ኖቴ ልመለስ። ሕጉ ጥበቃ ለማግኘት ምዝገባ አይጠይቅም፤ ሥራው ወጥ ከሆነና ወረቀት ላይም ይሁን ፋይል ላይ ከተቀረጸ ይበቃዋል። ግን ሐሳብና ደረቅ መረጃ አይጠበቅም። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑ የእኔ አይደለም፤ የማንም ነው። የእኔ የሚሆነው ያስረዳሁበት አገላለጽ፣ የደረደርኩበት መንገድ፣ የሠራሁት ምሳሌ ነው። እውነቱን ለመናገር ኖቱን ስመረምረው አንዳንዱ ገጽ ከመማሪያ መጽሐፉ ቃል በቃል ያመጣሁት ነው፤ እዚያ ላይ መጮህ አልችልም። መምህር ለማስተማር ያህል በተገቢው መጠን ከታተመ ሥራ ማባዛት ይፈቀድለታል፣ ምንጩንና የደራሲውን ስም ከጠቀሰ። እኔ ምንጭ አልጠቀስኩም ነበር። ጥቅስም እንደዚያው ነው፤ የሚያስፈልግህን ያህል ትወስዳለህ፣ የማን እንደሆነ ትናገራለህ። ሙሉ መጽሐፍ ግን ጥቅስ አይሆንም።

ስለ ሐይቃችንና ስለ ከተማችን ገጽ የከፈታችሁ ልጆቼም ይህ ይመለከታችኋል። «ፎቶው ከጎግል ነው» ማለት ምንጭ መጥቀስ አይደለም። ጎግል አሞራ ገደል ወርዶ ፎቶ አላነሳም። በእኛ ሕግ ፎቶ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ይጠበቃል፤ የአንሺውን ፈቃድ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ስማቸው ከተጠቀሰ እሺ ይላሉ። እንደ ቀላል ነገር እንዳታዩት ደግሞ፤ በ1996ቱ አዋጅ የሞራል ጉዳት ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ተደንግጓል፤ ሆን ብሎ የጣሰም ከ5 እስከ 10 ዓመት እስራት ተጽፎበት ነበር የወጣው።

«የውጭ መጻሕፍት ያለ ፈቃድ ሲተረጎሙ ለምን ዝም ተባለ?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። አዋጁ በዋናነት የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንን፣ እዚህ የሚኖሩትን፣ ወይም መጀመሪያ እዚህ የታተመን ሥራ ነው። ሲወጣም አገራችን የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም። ሕጉ ዝም ያለበት ቦታ ይህ ነው፤ ፍትሕ ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ቀን ላቆየው።

ኖቴን ለሚሸጠው ሰው ጻፍኩለት። ክስ አላነሳሁም፤ ስሜን መልስ፣ ዋጋውን አንሳ ነው ያልኩት። አንብቦታል፤ እስካሁን አልመለሰልኝም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከቻናሌ አጥፍቼዋለሁ። ያወረዳችሁ ካላችሁ ወደ ሌላ አታስተላልፉት፤ መጽሐፉ ገበያ ላይ አለ፣ የእኔን ቅጂም ተራ ይዛችሁ መዋስ ትችላላችሁ። ኖቴ ግን እንደ ድሮው በነፃ ነው። 1882ን ወደ 1881 አርሜ፣ ከመጽሐፍ የወሰድኩበትን ቦታ ሁሉ ምንጩን ጽፌ ነገ ማታ እለጥፈዋለሁ። አባዙት፣ ለታናናሾቻችሁ ላኩት፤ ስሜን ብቻ አትፋቁብኝ።