ውሃ ቀለምና አራዳ

ውሃ ቀለም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ነው፤ ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን፣ በውስጧ የተደረደሩ ክብ ቀለማት፣ ፀጉሯ የሳሳ ብሩሽና አንድ ብርጭቆ ውሃ። ስለዚህም ይመስለኛል ውሃ ቀለም የሕፃናት መጫወቻ፣ የዘይት ቀለም ደግሞ የአዋቂ ሠዓሊ መሣሪያ ተደርጎ በልባችን የተቀመጠው። ውድ አንባቢያን፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህን አስተሳሰብ ልሞግተው እሻለሁ። ሙግቴ ሁለት ነጥብ አለው። አንደኛው፣ ውሃ ቀለም ለእኛ እንግዳ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ አራዳን የሥዕል ሠፈር ያደረጋት ከሕንፃዎቿ ይልቅ በውስጧ የተገናኙት ሰዎች መሆናቸው ነው። ከሁለቱ የሚወጣው መደምደሚያም፣ ብዙ የአራዳ ቤቶች በፈረሱበት በዚህ ዘመን የውሃ ቀለም ሠዓልያን ማኅበር ያስፈልገናል የሚል ነው።

ከብራናው ልጀምር። የጥንት ጸሐፍት ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠላ ቅጠል አዋሕደው፣ በውሃ ለውሰው፣ ለወራት አቡክተው ያዘጋጁት ነበር። የመጻሕፍቱን ሥዕል የሚሥሉትም ከአፈርና ከዕፀዋት ያገኙትን ቀለም ፈጭተው፣ ማጣበቂያ ጨምረው፣ በውሃ ይበጠብጡት ነበር። እርግጥ ነው፣ የዛሬው ውሃ ቀለም ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ ሲሆን የብራናው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሆኖም ሁለቱንም ከብሩሽ ወደ ገጽ የሚያደርሳቸው ውሃ ነው። ሁለቱም እጅን አያዝናኑም፤ በዘይት ቀለም የተሳሳተ ደርቦ ይሸፍናል፤ በውሃ ቀለም የተሳሳተ ግን ስሕተቱን ይዞ ይኖራል። ነጩ ቀለም ራሱ ወረቀቱ ነውና፣ ሠዓሊው ብርሃኑ የት እንዲቀር እንደሚፈልግ ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት መወሰን አለበት። ግጥም ለሚሞክር ሰው ይህ ሕግ እንግዳ አይደለም፤ ያልተጻፈው ከተጻፈው እኩል ይናገራልና።

አሁን ወደ አራዳ እንውረድ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የንግዷ ልብ የነበረው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተዘረጋው የአራዳ ገበያ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወረው፤ ለሠፈሩም ፒያሳ የሚለውን ስም ትቶለት ሄደ። ከዚያ በፊት ግን ከየአውራጃው የሚመጣው ሁሉ አራዳን ይረግጥ ነበር። ባለሞያው ከባለሞያ፣ ሻጩ ከገዢ፣ ደብተራው ከነጋዴ፣ አገሬው ከባዕድ ይገናኝባት ነበር።

ከዓድዋ ድል በኋላ ሌጋሲዮኖች በአዲስ አበባ ሲከፈቱ አዲስ የሥዕል ገዢ መጣ። እስከዚያ ድረስ የሠዓሊው ዋና አሳዳሪ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ሥዕሉም በሸማ ላይ ተሥሎ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። አሁን ግን ዲፕሎማቱና መንገደኛው ጠቅልሎ በሣጥን የሚወስደውን ሥዕል ፈለገ። እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓልያን የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በተከታታይ ክፍሎች፣ የዓድዋን ጦርነትም በሰፊ ሸራ እየሣሉ ለዚህ ገበያ አቀረቡ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በደመና ላይ ሆኖ ጦሩን ሲያግዝ የምናየው በእነዚህ ሥዕሎች ነው። ከቤተ መቅደስ የወጣው ብሩሽ በገበያ ውስጥ አዲስ እንጀራ አገኘ።

በዚያው ዘመን አካባቢ አንድ የውሃ ቀለም ሠዓሊ ወደ ከተማችን መጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 መገባደጃ ከቺካጎ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የተላከ ጓድ አዲስ አበባ ሲገባ ከአባላቱ አንዱ ሉዊስ አጋሲዝ ፉርቴስ የተባለ አሜሪካዊ የአዕዋፍ ሠዓሊ ነበር። ጓዱ ከራስ ተፈሪ ፈቃድ ተቀብሎ በአገሪቱ ሲዘዋወር ፉርቴስ ወፎችንና አራዊትን በውሃ ቀለም ይሥል ነበር። የውሃ ቀለምን የመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። የወፍ ምንቃርና የዓይን ዙሪያ ቀለም ወፉ ከሞተ በኋላ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ቀለሙ ሳይጠፋ ሊደርስበት የሚችለው በኪስ የሚያዝና ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም ብቻ ነው። ከመቶ በላይ ሥዕሎች ሠርቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ነሐሴ 22 ቀን 1927 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ግዛት የባቡር ሐዲድ ሲያቋርጥ መኪናውን ባቡር መታውና ሞተ። በመኪናው ውስጥ የነበሩት የኢትዮጵያ ሥዕሎች ግን ተረፉ። በ1930 እ.ኤ.አ. ከእነርሱ ውስጥ 32ቱ በአልበም ታተሙ። ሰውየው አለፈ፤ ያነሡ ዘንድ ቀላል የሆኑት ወረቀቶች ቀሩ። ሊጠፋ ያለውን ነገር ፈጥኖ መያዝ የውሃ ቀለም ልዩ ጸጋ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም።

ቺካጎ በእኛ የሥዕል ታሪክ ውስጥ ሌላም ቦታ አላት። አለ ፈለገ ሰላም የተማሩት በዚያች ከተማ የሥነ ጥበብ ተቋም ነው። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን አቋቋሙ። ትምህርት ቤቱ ከፒያሳ በእግር የሚደረስበት ነው፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። መሥራቹም በ2008 ዓ.ም. ዐረፉ። አራዳ እስከዚያ ድረስ መሸጫ ነበራት፤ ከዚያ ወዲህ መማሪያም በአቅራቢያዋ አገኘች። ማሳያውም ከጥቂት ዓመታት በፊት ተገኝቶ ነበር፤ ወጣቱ አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1954 የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርዕይ ያሳየው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ነው። የእርሳቸውን ሥራዎች በዚያው በአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ውስጥ ዛሬም ማየት ይቻላል።

መማሪያ፣ ማሳያ፣ መሸጫ፤ ሦስቱ በሮች እነዚህ ናቸው። ሥዕል ባበበበት አገር ሁሉ ሦስቱ ተቀራርበው ይገኛሉ። አንዱ ሲዘጋ ሁለቱ ይቀዘቅዛሉ።

የእነዚህን በሮች ትርጉም ለእኔ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየኝ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሕይወት ነው። በ1924 ዓ.ም. ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ብራና የሚጽፉና የሚሥሉ ሊቅ ነበሩ። ልጅየው በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምሮ ተመለሰና በዚሁ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ረቂቅ ሥዕልን ለአገራችን ካስተዋወቁት ግንባር ቀደሙ ነው፤ ገጣሚም ነበር። አባት በብራና፣ ልጅ በሸራ፤ የቀለሙ ሐረግ ግን አልተበጠሰም። በመጨረሻ ግን እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት ላይ፣ በአሜሪካዋ ኦክላሆማ ሞተ። ግጥሞቹ ተሰብስበው የታተሙትም ከሞቱ በኋላ ነው። በሮቹን ሁሉ ያየ ሰው እንኳ አገሩ በሩን ስትዘጋበት የት እንደሚደርስ ይህ ይነግረናል።

እስካሁን ያነሣኋቸው ሁሉ ታላላቆች ናቸው። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ታናናሾቹ ጭምር ነው። የምተዳደረው በባንክ ሥራ ነው፤ ቀኑን በሒሳብ መዝገብ፣ ምሽቱን በግጥም ደብተር እካፈለዋለሁ። የአገራችን የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲንያ ባንክ፣ በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በዚችው በአዲስ አበባ ነውና ገንዘብ ቆጣሪና ቀለም በጥባጭ በአንድ ከተማ መኖራቸው አዲስ ነገር አይደለም። እንደ እኔ ያሉ፣ ቀን በመሥሪያ ቤት የሚውሉ፣ ማታ እርሳስና ብሩሽ የሚያነሡ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ መምህር፣ ነርስ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ጡረተኛ። ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመግባት ጊዜው አልፎባቸዋል ወይም ጊዜ የላቸውም። የባለሙያ ሠዓልያን ማኅበር ለባለሙያ ነው። ጋለሪ ስም ይፈልጋል። እንግዲህ ለእነርሱ ከሦስቱ በሮች አንዱም አልተከፈተም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1804 በለንደን የውሃ ቀለም ሠዓልያን የራሳቸውን ማኅበር የመሠረቱት የንጉሣዊው አካዳሚ በር ስለጠበበባቸው ነበር። አካዳሚው የዘይት ቀለምን ከፍ፣ የውሃ ቀለምን ዝቅ አድርጎ ያይ ነበር፤ ሥዕሎቻቸው በዐውደ ርዕዩ ጥሩ ቦታ አያገኙም ነበር። በማግስቱ ዓመት የራሳቸውን ዐውደ ርዕይ አሳዩ። ማኅበሩ ዛሬም አለ። በር ያጡ ሰዎች በር ሠሩ፤ ታሪኩ ይኸው ነው።

ለእኛ ግን ጊዜው የሚያስቸኩል ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በ1898 የተሠራውን የጣይቱ ሆቴልን እሳት ሲያገኘው ብዙዎቻችን ልባችን አብሮ ተቃጠለ፤ ሆቴሉ ግን ታድሶ ቆመ። በ2016 ዓ.ም. የሆነው ከዚያ የሰፋ ነው። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በፒያሳ በርካታ አሮጌ ቤቶችና ሱቆች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውረዋል። በዚያው ዓመት የካቲት ደግሞ ታላቁ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በዚያው በፒያሳ ተመርቋል። የአዲሱን መንገድ ጥቅም አልክድም፤ አሮጌው ቤት ሁሉ ምቹ ነበር ብዬም አልዋሽም፤ ዝናብ የሚያስገባውን ጣሪያና የጋራውን መጸዳጃ የኖረበት ያውቀዋል። ነገር ግን የህንድና የአርመን አናጢዎች እጅ ያረፈባቸው የእንጨት ሰገነቶች፣ ደረጃቸው ወደ ውጭ የወጣ ቤቶች፣ ቀለማቸው ተደራርቦ የተላጠ መስኮቶች በማን ወረቀት ላይ ቀሩ? ፎቶግራፍ አለ፤ እውነት ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ግን ቅጽበት ቆሞ ይሄዳል፤ ሠዓሊው ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፤ በተቀመጠበትም የቤቱ ባለቤት ወጥታ ቡና ታጠጣዋለች፤ የቤቱን ታሪክም ትነግረዋለች።

ስለዚህ ማኅበር እላለሁ። ሥራውም ግልጽ ነው። አንደኛ፣ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ተሰባስቦ ከቤት ውጭ መሣል። ለብቻው ደብተር ይዞ መንገድ ዳር የተቀመጠ ሰው «ምን ትሠራለህ? ማን ፈቀደልህ?» መባሉ አይቀርም፤ አሥር ሰው የወረዳ ደብዳቤ ይዞ ሲቀመጥ ግን ጠያቂው ራሱ ተመልካች ይሆናል። ሁለተኛ፣ እርስ በርስ መማማር። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ በኅዳር ፀሐይ ቀለሙ ሁለተኛው ብሩሽ ሳይደርስበት ይደርቃል፤ በነሐሴ ደግሞ ግማሽ ቀን ርሶ ይውላል። ይህን ከውጭ አገር መጽሐፍ አናገኘውም፤ ከጎናችን ከተቀመጠው ሰው እንጂ። ሦስተኛ፣ ሥራን ማሳየት። ለትንንሽ ሥዕሎች ትልቅ አዳራሽ አያስፈልግም፤ የአንድ ቡና ቤት ግድግዳ ይበቃል።

አራተኛው የኔ ሙያ የሚነካው ነው። ለውሃ ቀለም የሚሆን ወረቀት በካሬ ሜትር 300 ግራም ያህል የሚመዝን ወፍራም ወረቀት ነው፤ የቢሮው 80 ግራም ወረቀት ውሃ ሲነካው እንደ ድርቆሽ ይጨማደዳል። ጥሩው ወረቀት ከውጭ ስለሚመጣ ለአንድ ደመወዝተኛ ይከብዳል። መድኃኒቱ ግን በቤታችን አለ፤ ዕቁብ። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ ቢያዋጡና ዕጣ የወጣለት የዓመት ወረቀቱንና ቀለሙን ቢገዛ በዓመቱ መጨረሻ ሁሉም ባለ ወረቀት ይሆናል። አባቶቻችን ንግድ ያቆሙበት፣ ሠርግ የደገሱበት ዘዴ ለብሩሽ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ አይደለምን?

አምስተኛውና የመጨረሻው ሥዕሎቹን ማስቀመጥ ነው። እያንዳንዱ ወረቀት ከኋላው ቀኑ፣ የሠፈሩ ስም፣ የቤቱ አገልግሎት ቢጻፍበት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚወለድ አጥኚ ከሚያነባቸው መዛግብት አንዱ ይሆናል። ፉርቴስ ወፎቻችንን የሣለው ለሙዚየም ነበር፤ ሥዕሎቹም ባሕር ተሻገሩ። የእኛ ሥዕሎች እዚሁ ቢቀሩ ምንኛ ጥሩ ነበር!

የፈረሰውን መመለስ አይቻልም። ነገር ግን ገና ያልፈረሱ በረንዳዎች በአራዳ አሉ፤ ወደ ዳርቻ የሄዱት የፒያሳ ልጆችም በልባቸው የያዙት መስኮትና ደረጃ አለ። አለ ፈለገ ሰላም ሲጀምሩ ከትምህርት ቤቱ በፊት ሐሳቡ ነበር። የእኛም መጀመሪያ ሐሳብ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃና ጥቂት ሰው ነው። ይህን ካነበባችሁ መካከል እጁ ለብሩሽ የሚያመቸው ካለ፣ አብሮት የሚቀመጥ አንድ ጓደኛ ዛሬ ይፈልግ። ሁለት ከሆኑ ማኅበሩ ተጀምሯል።

ቸር ይግጠመን።