የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ማነው?

በዚህ በእንግሊዝ አገር ፐብ የሌለበት ሰፈር ጥቂት ነው። ከባንኮኒው ጀርባ የሚቆመው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የቤቱ ባለቤት አይደለም። ምክንያቱን ከታሪኩ እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1830 የወጣው የቢራ ሕግ ግብር ከፋይ የሆነ ሁሉ በዓመት 2 ጊኒ ከፍሎ ቢራ እንዲሸጥ ፈቀደ። በ1869 ግን ፈቃዱ ወደ ዳኞች ሥልጣን ተመለሰ። ፈቃድ ያለው ቤት ብርቅ ሆነ፤ ዋጋውም ናረ። ገዢው ብድር የሚያገኘው ከቢራ ጠማቂው ነበር፤ ውሉም «ከእኔ በቀር ከማንም ቢራ አትገዛም» ይላል። ለእኛ ለባለታክሲዎች፣ መኪናውን ተከራይተህ ነዳጅ ከአከራይህ ብቻ ቅዳ እንደማለት ነው። ጊነስ በ1886 አክሲዮን ለሕዝብ ከሸጠ ወዲህ፣ ሌሎች ጠማቂዎችም በዚሁ መንገድ ባገኙት ገንዘብ ብዙ ቤቶችን ገዙ።

በ1989 መንግሥት ከ2,000 በላይ ቤት የያዙ ጠማቂዎች ከ2,000 የሚበልጡትን ቤቶች ግማሽ ከውሉ እንዲፈቱ አዘዘ። ብዙዎቹ ግን ቢራ ለማይጠምቁ ኩባንያዎች ተሸጡ፤ ማሰሪያውም ቀጠለ። በእንግሊዝና በዌልስ፣ 500 እና ከዚያ በላይ የታሰሩ ቤቶች ላሏቸው ኩባንያዎች ተከራዮች ከቢራ ግዴታ ነጻ የሆነ ኪራይ የመጠየቅ መብት የተሰጠው በ2016 ነው።

ስለዚህ ፐብ ለመያዝ የሚያስብ ወገን ከወለዱ በፊት የቢራውን ውል ያንብብ። እቁብ ዋስ ይጠይቃል እንጂ ከማን እንደምንገዛ አያዝም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።