ድጋሚ የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና

ድጋሚ የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ቀደም ሲል ለውፍረት የተደረገ ቀዶ ሕክምና የታሰበውን ውጤት ሳያመጣ ሲቀር፣ የቀነሰው ክብደት ሲመለስ ወይም ቀዶ ሕክምናው ራሱ ጉዳት ሲያስከትል የሚደረግ ሁለተኛ፣ አንዳንዴም ሦስተኛ ቀዶ ሕክምና ነው። የአሜሪካ የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበር ግምት እንደሚያሳየው፣ በ2011 በአገሪቱ ከተደረጉት የውፍረት ቀዶ ሕክምናዎች 6 በመቶው ድጋሚ ነበሩ፤ በ2018 ድርሻቸው 15.4 በመቶ ደርሷል። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዓይነቶች

ብዙውን ጊዜ በሦስት ይከፈላል። ቅየራ አንዱን የቀዶ ሕክምና ዓይነት ወደ ሌላ መለወጥ ነው። ማረሚያ ዓይነቱን ሳይነኩ ጉድለቱን ብቻ ማስተካከል ሲሆን፣ መመለሻ ደግሞ ጨጓራንና አንጀትን በተቻለ መጠን ወደ ተፈጥሯዊ ቦታቸው መመለስ ነው። የጨጓራን አብዛኛውን ክፍል ቆርጦ የሚያስወግደው ስሊቭ መመለሻ የለውም።

አመጣጥ

ለውፍረት ተብሎ የተደረገው የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና የትኛው እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች አይስማሙም። የስዊድኑ ቪክቶር ሄንሪክሶን በ1952 የትንሹን አንጀት ከፊል ቆርጠው ያወጡላቸውን ታካሚ ታሪክ አሳትመዋል። በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ቫርኮ በ1953 አንጀትን ሳይቆርጡ ምግብ አብዛኛውን ክፍል አልፎ እንዲሄድ አድርገዋል ይባላል፤ ሆኖም ስለዚህ ሥራቸው በወቅቱ ያሳተሙት ጽሑፍ የለም። በዚያው ዩኒቨርሲቲ አርኖልድ ክሬመንና ጆን ሊነር ከባልደረባቸው ጋር በ1954 ባወጡት፣ በአብዛኛው በውሾች ላይ በተደረገ ሙከራ በተመሠረተ ጽሑፍ የአንድ ሰው ታሪክም ተካቷል። በኅትመት ለሚያምን ቀዳሚነቱ የሄንሪክሶን ነው፤ ኋላ ለተስፋፋው የአንጀት ማሳለፊያ ዘዴ ግን አብዛኞቹ ጸሐፊዎች መነሻ የሚያደርጉት ሚኒሶታን ነው።

ለዚህ መጣጥፍ ጉዳይ በመቁረጥና በማሳለፍ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ተቆርጦ የወጣ አንጀት አይመለስም፤ የታለፈ አንጀት ግን ሆድ ውስጥ ስለሚቆይ መልሶ ሊገናኝ ይችላል። የሎስ አንጀለሶቹ ሃዋርድ ፔይንና ሎረን ዲዊንድ ከ1956 ጀምሮ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ በቀጥታ ከትልቁ አንጀት ጋር ሲያገናኙ ሐሳባቸው ይኸው ነበር፤ ታካሚው ወደሚፈለገው ክብደት ሲወርድ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለዚህ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በዚህ ዘርፍ ውድቀት ያመጣው ብቻ ሳይሆን ገና ከጅምሩ የታቀደ ነበር ማለት ይቻላል። ዕቅዱ አልሠራም። ከባድ ተቅማጥ፣ በሰውነት ውስጥ ያሉ ጨዎች መዛባትና የጉበት ጉዳት ተከተለ፤ አንጀታቸው ወደ ቦታው የተመለሰላቸውም ክብደታቸው አብሮ ተመለሰ። ሁለቱ ሐኪሞች ይህን በ1963 ዘገቡ፤ በ1969 ደግሞ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ 35 ሴንቲ ሜትር፣ ከመጨረሻው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሥራ ላይ የሚያስቀር ሌላ ንድፍ አቀረቡ። እሱም በብዛት ከተሠራ በኋላ የኩላሊት ጠጠር፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የጉበት ሥራ ማቆም ስላስከተለ በ1980ዎቹ ተተወ። የብዙዎች አንጀት ወደ ቦታው ተመለሰ ወይም ወደ ጨጓራ ባይፓስ ተቀየረ።

የጨጓራ ባይፓስን፣ ማለትም ከጨጓራ ትንሽ ከረጢት ለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር የሚያገናኘውን ዘዴ፣ ኤድዋርድ ሜሰንና ቺካሺ ኢቶ በ1966 በአይዋ ጀመሩት። ሜሰን በ1980 ያመጡት፣ ጨጓራን በስቴፕለር ከፍሎ መውጫውን በማሰሪያ የሚያጠብበው ዘዴም ስፌቱ እየተከፈተ ወይም መውጫው ከመጠን በላይ እየጠበበ ለብዙ ቅየራ ምክንያት ሆኗል።

የባንድ ዘመን

ከሁሉም ይልቅ ድጋሚ ቀዶ ሕክምናን ያበዛው የሚስተካከለው የጨጓራ ባንድ ነው። በላይኛው የጨጓራ ክፍል ዙሪያ የሚጠለቅ የሲሊኮን ቀለበት ሲሆን፣ ውስጡ ያለው ፊኛ በቀጭን ቱቦ ከቆዳ ሥር ከተቀበረ መቀበያ ጋር ይገናኛል። በመርፌ የጨው ውኃ ሲጨመር ይጠብቃል፣ ሲቀነስ ይላላል። ዩክሬናዊ ትውልድ ያላቸው አሜሪካዊው ሉቦሚር ኩዝማክ በ1986 ይህን ባንድ ሆድን በሰፊው በመክፈት ማስገባት ጀመሩ።

በሆድ ላይ በሚደረጉ ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ በላፓሮስኮፒ፣ ባንድ የማስገባትን ታሪክ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኝ ሰው አለ። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ቀዶ ሐኪም ምትኩ በላቸው ለላፓሮስኮፒ ተብሎ የተሻሻለውን ባንድ መስከረም ሊጠባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1993፣ በቤልጂየሟ ሁዊ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ አስገቡ። እዚህም ላይ የቀዳሚነት ጥያቄ አለ፤ አንዳንድ የታሪክ ጽሑፎች የብራስልሱ ጊ-በርናር ካዲዬር በ1992 የቀድሞውን የኩዝማክ ባንድ በላፓሮስኮፒ እንዳስገቡ ይጠቅሳሉ። ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻል ይመስላል፤ ካዲዬር በነባሩ መሣሪያ፣ ምትኩ ደግሞ ለዘዴው በተሠራው አዲስ መሣሪያ ቀዳሚ ናቸው። በዓለም የተሰራጨው ሁለተኛው ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጁን 2001 ፈቀደው፤ በ2011 በዚያ አገር ከተደረጉት የውፍረት ቀዶ ሕክምናዎች 35.4 በመቶው ባንድ ነበር።

የባንዱ ትልቁ መስህብ ምንም ሳይቆረጥ ገብቶ፣ ካስፈለገም መውጣት መቻሉ ነበር። ወጣም። ዣክ ሂምፐንስና ባልደረቦቻቸው በ1994 እና በ1997 መካከል በብራስልስ ባንድ ከገባላቸው 151 ሰዎች መካከል 82ቱን ከ12 ዓመት በላይ ቆይተው መረመሩ። በ2011 ባሳተሙት ውጤት 60 በመቶ ገደማው ድጋሚ ቀዶ ሕክምና አድርገዋል፤ ከአራቱ ከአንዱ በላይ በሚሆኑት ባንዱ የጨጓራን ግድግዳ ቦርቡሮ ገብቷል። ከሜልበርን የተገኘው መረጃ ግን ሌላ ነገር ይላል። ፖል ኦብራየንና ባልደረቦቻቸው በ2013 ከ3,000 በላይ ታካሚዎችን ይዘው ባወጡት ዘገባ፣ ባንዱ ጨርሶ የወጣላቸው 5.6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ15 ዓመት ከትርፍ ክብደታቸው 47 በመቶ ያህሉን እንደቀነሱም ይገልጻል። እዚያም ቢሆን የመቀበያና የቱቦ ጥገና፣ የጨጓራው የላይኛው ክፍል መስፋትም ብዙዎችን መልሶ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገብቷል። ልዩነቱ ከአገባብ ዘዴውና ከክትትሉ ጥብቅነት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የብራስልሶቹ የቆየውን ዘዴ የተጠቀሙ ሲሆኑ ግማሽ ያህሎቹም አልተገኙም። የሆነው ሆኖ በ2018 በአሜሪካ የባንድ ድርሻ 1.1 በመቶ ብቻ ነበር።

መቼ «አልተሳካም» ይባላል

ለረጅም ጊዜ ከትርፍ ክብደት 50 በመቶውን አለመቀነስ እንደ መሥፈርት ሲያገለግል ቆይቷል። በ2024 የዓለም አቀፉ የዘርፉ ፌዴሬሽን ባለሙያዎች «ውድቀት» የሚለውን ቃል ትተው ሁለት ሁኔታዎችን ለዩ፦ ከጠቅላላ ክብደት 20 በመቶ ሳይቀንስ የቀረ በቂ ያልሆነ ምላሽ ይባላል፤ ከቀነሰው ክብደት ከ30 በመቶ በላይ የተመለሰበት ደግሞ ዘግይቶ የመጣ መባባስ። ለውጡ ጥፋቱን ከታካሚው ላይ ስለሚያነሳ ተገቢ ነው፤ ክብደት የሚመለሰው ሰውየው ስለተዘናጋ ብቻ ሳይሆን ሰውነት የረኀብ ስሜትን ስለሚያሳድግና የኃይል ፍጆታውን ስለሚቀንስ ጭምር ነው።

ምርመራ

የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና የጽሑፍ ዘገባ ከሁሉም ይቀድማል፤ በሌላ አገር የተሠራ ከሆነ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ኢንዶስኮፒ፣ በባሪየም የሚነሣ ኤክስሬይ፣ የደም ምርመራና የምግብ ባለሙያ ግምገማ ይከተላሉ።

ዘዴዎች

ባንድ ወጥቶ በስሊቭ ወይም በባይፓስ ሲተካ ሥራው በአንድ ጊዜ ወይም ጠባሳው እስኪረጋ ጥቂት ወራት ተጠብቆ ሊከናወን ይችላል፤ ባንዱ ጨጓራ ውስጥ ከገባ መጠበቁ ይመረጣል።

ስሊቭ፣ ማለትም ጨጓራን የሙዝ ቅርጽ ወዳለው ቱቦ የሚለውጠው ዘዴ፣ ዛሬ የድጋሚ ቀዶ ሕክምናዎች ዋና ምንጭ እየሆነ ነው። ከባድ ቃር ወይም የአሲድ ወደ ጉሮሮ መመለስ ከመጣ ወደ ባይፓስ ይቀየራል። ስሊቭንና ባይፓስን ያነጻጸረ አንድ የፊንላንድ ጥናት ከ10 ዓመት በኋላ ባደረገው ምርመራ የምግብ ቱቦ ብግነት በስሊቭ 31 በመቶ፣ በባይፓስ 7 በመቶ ተገኝቷል። ችግሩ ክብደት ብቻ ከሆነ አንዳንድ ሐኪሞች ከአንጀት ብዙውን ክፍል የሚያሳልፉ ዘዴዎችን ይመርጣሉ፤ ክብደት በደንብ ይቀንሳሉ፣ የፕሮቲንና የቫይታሚን እጥረት አደጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው።

ከባይፓስ በኋላ ክብደት ሲመለስ ግልጽ መፍትሔ የለም። የሰፋን መውጫ በኢንዶስኮፒ መስፋት፣ ከረጢቱን ማጥበብ ወይም የታለፈውን አንጀት ማራዘም ይሞከራሉ።

አደጋዎች

ጠባሳና የተዛባ የደም ዝውውር ስላለ ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ይልቅ የስፌት መፍሰስና የደም መፍሰስ በአብዛኛው ይበዛሉ፤ የሚቀንሰውም ክብደት ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው።

ወጪ

በ2006–2013 ባንድ በገባላቸው 25,042 የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን (ሜዲኬር) ተጠቃሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት 18.5 በመቶው ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ማድረጋቸውን አሳይቷል። ለባንድ ከተከፈለው 470 ሚሊዮን ዶላር ግማሽ የሚጠጋው ለድጋሚው የዋለ ነው።

መድኃኒት እንደ አማራጭ

በ2023 ከለንደን የወጣ፣ 70 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በቂ ምላሽ ላላገኙ ሰዎች ሊራግሉታይድ የተባለውን የክብደት መቀነሻ መድኃኒት ለ24 ሳምንታት ሰጥቶ 8.8 በመቶ የክብደት ቅነሳ አግኝቷል፤ አስመሳይ መድኃኒት የወሰዱት የቀነሱት 0.5 በመቶ ያህል ነበር። ይበልጥ ጠንካራ የሆኑት ሴማግሉታይድና ቲርዜፓታይድም በአሜሪካ በ2021 እና በ2023 ለክብደት ሕክምና ተፈቅደዋል። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ሲቋረጡ ክብደት የመመለስ ዝንባሌ ስላለው፣ ከድጋሚ ቀዶ ሕክምና ጋር የሚወዳደሩት ለረጅም ጊዜ መውሰድ ለሚችል ሰው ነው።