የምሰሶው ዳንስ ዳኝነት፡- እኩያ ማነው?

«ፖል ዳንስ» ሲባል የአብዛኛው ሰው ሐሳብ የሚሮጠው ደብዛዛ መብራት ወዳለበት የሌሊት ክበብ ነው፡፡ እውነቱን ለመናገር የእኔም ወደዚያው ነበር የሚሮጠው፡፡ ይሁንና ከዚሁ ዳንስ ውስጥ በጣም የሚታማውና «ኤግዞቲክ» የሚባለው ዘርፍ ዛሬ በተለያዩ አገሮች የውድድር ደንብ፣ ዳኛና የነጥብ ወረቀት አለው፡፡ ተወዳዳሪዎቹንም በችሎታ ደረጃ ይከፋፍላል፡፡ ሕግ የተማረ ሰው ደግሞ የተጻፈ ደንብ ሲያይ ሳያነብ ማለፍ አይሆንለትም፡፡ ይህን የምጽፈው ዳንሱን ውደዱት ወይም ጥሉት ለማለት አይደለም፡፡ ደንቡ የሚያነሳው ጥያቄ ግን የሁላችንም ነው፡፡ እኩያ ማነው? እኩያ መሆኑንስ ማን ይመሰክራል?

አመጣጡ

በምሰሶ ላይ ትርኢት ማሳየት አዲስ ነገር አይደለም፡፡ በህንድ ማላካምብ የሚባል፣ ታጋዮች በእንጨት ምሰሶ ላይ ሰውነታቸውን የሚያፍታቱበት ጥንታዊ ስፖርት አለ፡፡ የቻይና ሰርከስም የራሱ የምሰሶ ትርኢት አለው፡፡ ዛሬ ፖል ዳንስ የምንለው ግን ያደገው በሰሜን አሜሪካ የራቁት ዳንስ ክበቦች ውስጥ ነው፡፡ ከክበብ ወደ ስቱዲዮ ካወጡት ሰዎች አንዷ አሜሪካዊቷ ተዋናይት ሺላ ኬሊ ነች፡፡ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ፊልም የክበብ ዳንሰኛ ሆና ለመሥራት ዳንሱን ከተማረች በኋላ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለሴቶች ማስተማሪያ ስቱዲዮ ከፈተች፡፡ በ2005 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ «ሚስ ፖል ዳንስ» የተባለ ውድድር ተጀመረ፡፡

ከዚያ በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ፡፡ በ2009 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የፖል ስፖርት ፌዴሬሽን ዳንሱን እንደ ጂምናስቲክ አደረገው፡፡ ታኮ ጫማ ተከለከለ፤ በመድረክ ላይ ልብስ ማውለቅም ተከለከለ፡፡ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የክብደት ነጥብ ተሰጠው፡፡ ፌዴሬሽኑ በጥቅምት 2017 ከዓለም አቀፍ ስፖርት ፌዴሬሽኖች ማኅበር የታዛቢነት ዕውቅና አገኘ፡፡ ማኅበሩ ራሱ በኋላ ፈርሷል፡፡

ኤግዞቲክ በሁለተኛው መንገድ ሄደ፡፡ ታኮውን አላወለቀም፤ ከየት እንደመጣም አልደበቀም፡፡ በ2015 ገደማ አንዳንድ የስቱዲዮ ዳንሰኞች «እኔ የክበብ ራቋች አይደለሁም» የሚል መፈክር በማኅበራዊ ድረ ገጾች ሲያሰራጩ፣ የክበብ ሠራተኞቹ «ጥበቡን ከእኛ ወስዳችሁ በእኛ ታፍራላችሁ?» በሚል ስሜት ተቆጥተው «አዎን፣ ነኝ» የሚል የራሳቸውን መፈክር አወጡ፡፡ በእኔ ግምት ክርክሩን የረቱት ሁለተኞቹ ናቸው፡፡

ሦስቱ ስልቶች

በሩሲያና በአውሮፓ የኤግዞቲክ ውድድሮች የተለመደው አከፋፈል ሦስት ስልቶች አሉት፡፡ የመጀመሪያው «ኦልድ ስኩል» ነው፤ ወደ ክበቡ ዳንስ የቀረበ፣ ዝግ ያለ፣ ስሜትንና ገጸ ባሕርይን የሚያስቀድም፡፡ ሁለተኛው «ፍሎው» ነው፤ እንቅስቃሴው እንደ ውኃ ሳይቋረጥ ከወለል ወደ ምሰሶ፣ ከምሰሶ ወደ ወለል ይፈሳል፡፡ ሦስተኛው «ሃርድ» ነው፤ ጉልበት፣ ፍጥነትና አክሮባት የሚታይበት፡፡

በሦስቱም ታኮው የሥራው መሣሪያ ነው፡፡ እግርን ያስረዝማል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ወለሉን ሲመታ ከሙዚቃው ጋር ድምፅ ይሰጣል፡፡ በተሳሳተ ማዕዘን ሲያርፍ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ያጥፋል፡፡ ልብሱ ማጠሩም ለዓይን ብቻ አይደለም፡፡ ብረቱን ቆንጥጦ የሚይዘው ቆዳ ነው፤ ጭን፣ ብብት፣ የክንድ መታጠፊያ፡፡ ጨርቅ ያንሸራትታል፤ ቅባት የተቀባ ገላም እንዲሁ፡፡

ደረጃዎቹ

ደረጃዎቹ ባብዛኛው ጀማሪ፣ አማተር፣ ከፊል ፕሮፌሽናልና ፕሮፌሽናል ይባላሉ፤ በቁጥር የሚሰይሙም አሉ፡፡ ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም፡፡ በብዙ ውድድሮች ጀማሪ የተወሰኑ እንቅስቃሴዎችን፣ ለምሳሌ ተዘቅዝቆ በሁለት እጅ ብቻ መንጠልጠልን፣ እንዳይሠራ ይከለከላል፡፡ ክልከላው ሁለት ጥቅም አለው፡፡ ያልደረሰበትን ሞክሮ አንገቱን እንዳይሰብር ይጠብቀዋል፤ ከእሱ የተሻለ ሰውም በከባድ እንቅስቃሴ ነጥብ ለቅሞ እንዳይረታው ያግዳል፡፡

ስለዚህ ከጀማሪ የሚጠበቀው ጥቂት ነገርን በንጽሕና መሥራት ነው፡፡ የተዘረጋ እግር፣ ከሙዚቃው ጋር የሚሄድ እርምጃ፣ ሳይደነቃቀፉ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር፡፡ ከአማተር ተዘቅዝቆ መቆየትና ድርሰቱን ማያያዝ ይጠበቃል፡፡ ከፕሮፌሽናል ደግሞ ይህ ሁሉ እንደ ቀላል ሆኖ እንዲታይና የራሱ የሆነ ነገር እንዲያመጣ ይፈለጋል፡፡ ዳኞቹ በየደረጃው ቴክኒክን፣ ሙዚቃን መከተልን፣ የዳንሱን ድርሰትና የመድረክ ሞገስን ይመዝናሉ፡፡ መውደቅ ነጥብ ያስቀንሳል፡፡

ዋናው ችግር

ቦክስ ተፋላሚዎችን በኪሎ ይለያል፤ ሚዛኑ ላይ መዋሸት አይቻልም፡፡ የታዳጊዎች እግር ኳስ በዕድሜ ይለያል፤ እዚያ እንኳ ስንት የልደት ወረቀት እንዳጨቃጨቀ ያውቃሉ፡፡ ችሎታን የሚመዝን ሚዛን ግን ገና አልተሠራም፡፡ በብዙ ውድድሮች ደረጃውን የሚመርጠው ተወዳዳሪው ራሱ ነው፡፡ ይኸውም በገዛ ጉዳይ ላይ ዳኛ መሆን ነው፡፡

ውጤቱ የታወቀ ነው፡፡ ለዓመታት የሠለጠነች ዳንሰኛ አማተር ነኝ ብላ ትመዘገባለች፤ ስድስት ወር ከሥራ በኋላ እየተለማመደች፣ ለመመዝገቢያና ለጉዞ ከፍላ የመጣችው ጀማሪ ደግሞ ገና መድረክ ሳትወጣ ተሸንፋለች፡፡ አዘጋጆቹ መከላከያ አበጅተዋል፡፡ ቪዲዮ አስቀድሞ እንዲላክ ያዛሉ፤ አሸናፊ በቀጣዩ ጊዜ ወደ ላይ እንዲወጣ ያስገድዳሉ፤ አሠልጣኝ የሆነ ሰው በአማተርነት እንዳይመዘገብ ይከለክላሉ፤ ደረጃውን ዝቅ ያደረገውንም ራሳቸው ከፍ ያደርጉታል፡፡ ከሁሉ ጠንካራው የመጨረሻው ነው፤ ግን ምክንያቱ አስቀድሞ ካልተጻፈና ይግባኝ ከሌለው የአዘጋጁ ስሜት ሕግ ይሆናል፡፡ አንድ ተጨማሪ ደንብ ያለ ድርድር መከበር አለበት እላለሁ፡፡ የኤግዞቲክ መድረክ የአዋቂዎች ብቻ ይሁን፤ ልጅ መወዳደር ከፈለገ ታኮ የሌለበት የስፖርቱ ክፍል አለለት፡፡

ፍርድ ቤት ሲደርስ

ይህ ዳንስ የጥበብ ሥራ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤትም ደርሷል፡፡ በኒውዮርክ ግዛት የድራማና የሙዚቃ ጥበብ ትርኢቶች መግቢያ ከሽያጭ ግብር ነፃ ነው፡፡ በአልባኒ አቅራቢያ ያለ አንድ ክበብ የምሰሶ ዳንሱ በድርሰት የተቀናበረ ስለሆነ ይህ መብት ይገባኛል ብሎ ተከራከረ፡፡ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2012 በአራት ለሦስት ድምፅ ክበቡን ረታው፡፡ በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ሮበርት ስሚዝ ግን ዳንሱን እንደማይወዱት ሳይደብቁ፣ መንግሥት «ይህ የከፍተኞች ጥበብ ነው፣ ያ የተራው» እያለ ግብር ሊለይ አይገባውም ብለው ጻፉ፡፡

እኔ ከተለዩት ዳኛ ጋር ነኝ፡፡ አንድን ነገር አለመውደድና መዳኘት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፡፡ በአንድ ጠባብ መድረክ ላይ ጀማሪዋ ታኮዋን አጥብቃ ስትወጣ ከዳኞቹ የምትጠብቀው አድናቆት ላይሆን ይችላል፡፡ ከእኩያዋ ጋር፣ አስቀድሞ በተነገራት ደንብ እንድትመዘን ግን ትጠብቃለች፡፡ ከማንኛውም ችሎት ፊት የሚቀርብ ሰው የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፡፡